መብራቱ የሚያውቀውን ብቻ ይናገራል

የነሐሴ ዝናብ የጋራዡን ቆርቆሮ ጣሪያ ይደበድባል። በሩ ላይ የቆመው ሚትሱቢሺ ፓጄሮ ሞተሩ አልጠፋም። ዳሽቦርዱ ላይ ካለችው ትንሽ የመኪና ሥዕል አራት ጎማዎች ሁለቱ የኋላዎቹ አረንጓዴ ሆነው ረግተው በርተዋል፤ ሁለቱ የፊቶቹ ግን ብልጭ ድርግም ይላሉ። ወጣቱ ሾፌር የትራንስፈሩን ማርሽ ወደ ፊት ይገፋል፣ ወደ ኋላ ይመልሳል፣ መልሶ ይገፋል። ብልጭታው አይቆምም።

«ሶሌኖይዶቹን ሁለቱንም ቀይሬያለሁ ጋሼ። ኮምፒውተሩንም ከሶማሌ ተራ አምጥቼ ሞከርኩት። ያው ነው።»

ኤሌክትሪሺያኑ በሃምሳዎቹ ውስጥ ያሉ ሰው ናቸው። ኮፈኖውን አላስከፈቱም።

«መቼ ጀመረው?»

«ከቅዳሜ ወዲህ።»

«ቅዳሜ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነ። ከመስክ ጭቃ ለብሶ ስለመጣ ላቫጆ አስገባሁት። ከሥሩ በደንብ አስጠብኩት።»

«በል ሞተሩን እንዳታጠፋ» አሉትና ረዳታቸውን ክሪክ እንዲያመጣ ላኩት።

ፎርዊል ሲበላሽ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ሾፌሩ በሄደበት መንገድ ነው። መብራቱ ሲርገበገብ ከሁሉ ውድ የሆነው ዕቃ ይጠረጠራል። ሶሌኖይድ ይቀየራል፣ የፎርዊሉ ሞተር ይቀየራል፣ ኮምፒውተር ይገዛል። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ በውዶቹ ዕቃዎች መካከል ባለው ሽቦ፣ ሶኬት፣ ማሳ (ከሻሲው ጋር የሚታሰረው ኔጋቲቭ) ወይም አውራ ጣት በምታክል ስዊች ላይ ነው። ይህን የሚያውቅ ባለሙያ መጀመሪያ የሚያወጣው መፍቻ ሳይሆን ጥያቄ ነው፤ ከዚያም መለኪያ።

ድሮ ነገሩ ቀላል ነበር። በአሮጌዎቹ ላንድክሩዘሮች ሾፌሩ ወርዶ የፊት ጎማዎቹን ፍሪዊል በእጁ ይቆልፋል፣ ተመልሶ ገብቶ ማርሹን ይስባል፣ አለቀ። ሽቦ የሚባል ነገር ከአንዲት የዳሽቦርድ መብራት በቀር አልነበረበትም። ፓጄሮ እ.ኤ.አ. በ1991 በሁለተኛው ትውልዱ ሱፐር ሴሌክት የተባለውን ዘዴ ይዞ ሲመጣ፣ ሾፌሩ ከመቀመጫው ሳይነሳ፣ መኪናው እየሄደም ቢሆን፣ ፎርዊል ማስገባት ቻለ። ፍሪዊሉን የመቆለፍ ሥራ ከሰው እጅ ወጥቶ ወደ ሶሌኖይድና ወደ ቫክዩም ተላለፈ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ሃይሉክስ ደግሞ የትራንስፈሩን ማርሽ ራሱን አስቀርቶ በምትዞር ቁልፍ ተካው። ቁልፏ የምታዘው ኮምፒውተሩን ነው፤ ኮምፒውተሩ ትራንስፈሩና የፊት ዲፈረንሻሉ ላይ ያሉትን ሁለት ሞተሮች ያዛል። ምቾቱ ጨመረ፤ በሾፌሩ እጅና በጎማው መካከል ያለው የሽቦ መንገድም አብሮ ረዘመ።

መንገዱ ቢረዝምም ደረጃው ሦስት ነው። መጀመሪያ ትዕዛዝ አለ፦ ማርሹ ወይም ቁልፉ «ፎርዊል አስገባ» ይላል። ቀጥሎ ፈጻሚው አለ፦ ሶሌኖይዱ ቫክዩሙን ይለቃል ወይም ትንሽ ሞተር ይዞራል፣ ሹካ ይገፋል፣ ሹካው ተንሸራታች ቀለበት ገፍቶ የተለያዩትን አክስሎች ያገናኛል። መጨረሻ ላይ ምስክሩ አለ፦ ዲፈረንሻሉ ላይ የተሰካ ስዊች ሹካው ቦታው መድረሱን አይቶ «ገብቷል» ይላል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው መብራት የሚሰማው ይህን ምስክር ብቻ ነው። ጎማውን አያየውም። ምስክሩ ዝም ካለ ጎማው ተቆልፎም መብራቱ ይርገበገባል፤ ምስክሩ ከዋሸ ደግሞ የፊት ጎማው ሳይገባ መብራቱ ረግቶ ይበራል። ሁለተኛው ይበልጥ አደገኛ ነው፤ ሾፌሩ ፎርዊል አለኝ ብሎ ወንዝ ይገባልና።

ስለዚህ የምርመራው መነሻ መብራቱ እንዴት እንደሚያስቸግር መጠየቅ ነው። ምንም ካልበራ ትዕዛዙ ራሱ አልደረሰም ማለት ነው፤ ፊውዝ፣ የትዕዛዝ ስዊች ወይም ኮምፒውተሩ ማግኘት ያለበት ፖዘቲቭ ይታያል። ከተርገበገበ ትዕዛዙ ደርሷል፣ ማረጋገጫው ግን አልመጣም። ማረጋገጫው ያልመጣው ሥራው ስላልተሠራ ነው ወይስ ምስክሩ ስለታመመ? ይህን የሚለየው የጎማው መልስ ነው፤ ክሪኩም የመጣው ለዚህ ነው።

ሾፌሩ ከደጁ ባለው ጠጠር ላይ ጥቂት ሜትር ነድቶ ማርሹን ሴንተሩ (የመሀል ዲፈረንሻሉ) በሚቆለፍበት ቦታ ላይ አደረገው። ካምቢዮውን ዜሮ አድርጎ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፤ ረዳቱ የኋላ ጎማዎቹን በታኮ ደገፈ። ሞተሩ በዝግታ እየሠራ አንዱ የፊት ጎማ ብቻ ከመሬት ተነሳ። ኤሌክትሪሺያኑ ጎማውን በሁለት እጃቸው ይዘው አዞሩት። ወይ ፍንክች።

ይህ ሙከራ ምንም ኤሌክትሪክ አልጠየቀም፤ ግን ግማሹን ጥርጣሬ በአንድ ጊዜ ጠራርጎ አወጣ። ሴንተሩ ሲቆለፍ ወደ ፊት የሚሄደው ዘንግ ከኋላው ጋር አንድ ይሆናል፤ ኋላውን ደግሞ የእጅ ፍሬኑ ይዞታል። ሌላኛው የፊት ጎማ መሬት ላይ ነው። ፍሪዊሉ ከገባ የተነሳው ጎማ የሚሄድበት የለም። ፍሪዊሉ ካልገባ ግን በእጅ እንደልብ ይዞር ነበር። ጎማው እንቢ ማለቱ ሶሌኖይዶቹ፣ ቫክዩሙና ሹካው ሥራቸውን እየሠሩ መሆኑን ነገራቸው። ምናልባት የተቀየሩት አሮጌዎቹ ሶሌኖይዶችም ጤነኞች ነበሩ።

ከዚያ ከመኪናው ሥር ገቡ። የፊት ዲፈረንሻሉ አጠገብ ካለው የፍሪዊል ስዊች የሚወጣውን ሽቦ በጣታቸው ተከትለው ሶኬቱን ነቀሉት። ከውስጡ ውሃ ተንጠባጠበ። የመዳብ ጫፎቹ አረንጓዴ ዝገት አብቅለዋል፤ የሶኬቱ መሸፈኛ ላስቲክም ተሰንጥቋል። በአጭር ሽቦ የሶኬቱን ሁለት ጫፎች ሲያገናኟቸው ከላይ የሾፌሩ ድምፅ ተሰማ።

«ረጋ! ረጋ ጋሼ!»

ሽቦዋን ሲያነሷት መርገብገቡ ተመለሰ። ከዳሽቦርዱ እስከዚያ ሶኬት ድረስ ያለው መንገድ በሙሉ ደህና ነው ማለት ነው፤ የቀረው ስዊቹ ነው። የስዊቹን ሁለት ጫፎች በመልቲሜትር ኦም ላይ አድርገው ለኩ። ፍሪዊሉ ገብቶ ሳለ መዝጋት የነበረበት ስዊች ክፍት ነው። ውሃው ውስጡ ገብቶ መገናኛውን በልቶታል። የላቫጆ የግፊት ውሃ ከሥር ወደ ላይ ሲረጭ የተሰነጠቀ ላስቲክ አያቆመውም፤ ፋብሪካው ሶኬቱን የሸፈነው ከመንገድ ለሚፈናጠር ውሃ ነው እንጂ ከአንድ ክንድ ርቀት በቀጥታ ለሚተኮስ አይደለም። መኪና ከሥሩ አይታጠብ አልልም፤ ጭቃው ራሱ እርጥበት ይዞ ዝገት ያመጣል፤ ግን የውሃውን አፍ ከሶኬቶቹና ከዲፈረንሻሉ መተንፈሻ ማራቅ ለአጣቢው ሊነገር የሚገባ ነገር ነው።

የዚህ መኪና ጥፋት ከምስክሩ ወገን ስለነበረ ቶሎ ተገኘ። ፈጻሚው ወገን ላይ ሲሆን፣ በተለይ ሥራው የሞተር ከሆነ፣ ሰውን የሚያሳስት አንድ ወጥመድ አለ፤ ብዙ ጎበዝ ሰዎች ሲወድቁበት ስላየሁ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

ወጥመዱ ባዶ ሽቦ ላይ ቮልት መለካት ነው። መካኒኩ የሞተሩን ሶኬት ይነቅላል፣ መልቲሜትሩን ጫፎቹ ላይ ያደርጋል፣ 12 ቮልት ያነባል። «ኤሌክትሪክ ደርሷል፣ ሞተሩ ነው የሞተው» ይላል። ግን መልቲሜትሩ ከሽቦው የሚወስደው ከረንት ኢምንት ነው። ሽቦው ከሃያ ክሮቹ አንዱ ብቻ ቢቀረው፣ ያ አንዱ ክር ለመልቲሜትሩ ሙሉ 12 ቮልት ያደርስለታል። ሞተሩ ተሰክቶ ከረንት ሲጠይቅ ግን አንዱ ክር አይችልም።

በቁጥር እንየው። 12 ቮልት ላይ 10 አምፔር የሚወስድ ሞተር የራሱ መቋቋም 1.2 ኦም ነው። መንገድ ላይ የዛገ ሶኬት ግማሽ ኦም ቢጨምር አጠቃላዩ 1.7 ኦም ይሆናል፤ ከረንቱ ወደ 7 አምፔር ይወርዳል፤ ሞተሩ ጋ የሚደርሰው 8.5 ቮልት ብቻ ነው። 3.5 ቮልቱ ዝገቱ ላይ ሙቀት ሆኖ ቀረ። ሞተሩ ያቃስታል እንጂ ሹካውን ጫፍ አያደርሰውም። ግማሽ ኦም ደግሞ በተራ መልቲሜትር ሲለካ የመለኪያው ገመዶች ራሳቸው ከሚያሳዩት እምብዛም ስለማይለይ ማንም አያስተውለውም። ሶሌኖይድ ሲሆን ሌላ ነው። የቫክዩም ሶሌኖይድ መጠምጠሚያ 40 ኦም አካባቢ ስለሆነ የሚወስደው ከአንድ አምፔር ሲሶ ያነሰ ነው፤ ያው የዛገ ሶኬት ያለበት ሽቦ ሶሌኖይዱን ያለችግር «ቀጭ» ያሰኘዋል። አንዱን ያሠራ ሽቦ ሌላውን ያሠራል ብሎ መደምደም አይቻልም።

መፍትሔው ሞተሩ ተሰክቶ፣ እየታዘዘ ሳለ መለካት ነው። የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ፖዘቲቭ ጫፍ ላይ አድርጎ ሰው ፎርዊሉን እንዲያስገባ ማድረግ። መልቲሜትሩ የሚያሳየው መንገድ ላይ የጠፋውን ቮልት ነው። ግማሽ ቮልት ካለፈ መንገዱ ታሟል። ከዚያ አንዱን ጫፍ ወደ ሶኬቱ፣ ወደ ሪሌው፣ ወደ ፊውዙ እያቀረቡ መሄድ ነው፤ ቁጥሩ በድንገት የወደቀበት ቦታ ጥፋቱ ያለበት ነው። ማሳውንም እንደዚሁ፦ ከባትሪው ኔጋቲቭ ምሰሶ እስከ ሞተሩ የማሳ ጫፍ፤ እዚያ ላይ ከ0.2 ቮልት በላይ መታየት የለበትም።

ማሳ የሚረሳው ስለማይታይ ይመስለኛል። ፖዘቲቩ ቀለም አለው፣ ፊውዝ አለው፣ ሥዕል ላይ ይገኛል። ማሳው ግን በአንዲት ቡሎን ሻሲው ላይ የታሰረ ጥቁር ሽቦ ነው። የመኪናው ሞተር ወርዶ ሲጠገን ከሞተር ወደ ቦዲ የሚሄደው የማሳ ገመድ ይፈታል፤ ሲመለስ አንዳንዴ ይረሳል። ቦዲው ሲቀባ ቡሎኑ ከቀለም በላይ ይታሰራል፤ ቀለም ደግሞ ከረንት አያሳልፍም። ከረንቱ ሌላ መንገድ ይፈልጋል፣ በሌላ ዕቃ ማሳ በኩል ይዞራል፣ ከዚያ ፍሬቻ ሲበራ የፎርዊል መብራት መደብዘዝ ይጀምራል። እንዲህ ያለ እርስ በርሱ የማይገናኝ ነገር በአንድ ላይ ሲታመም መጀመሪያ ማሳ ላይ መሄድ ያዋጣል። ከሁሉም በፊት ደግሞ ባትሪው ይለካ፦ ሞተር ጠፍቶ 12.6፣ ሞተር ተነስቶ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት። የደከመ ባትሪ ያለው መኪና ላይ የፎርዊል ኮምፒውተርን መመርመር ጊዜ ማጥፋት ነው።

ሽቦ ሲጠገን ተጠምዝዞ በናስትሮ ብቻ ከተሸፈነ ጥገናው የሚቆየው እስከ ቀጣዩ ክረምት ነው። ከመኪና ሥር ያለ መገጣጠሚያ በደንብ ተጨፍልቆ ወይም በስታኞ ተይዞ፣ በሙቀት በሚኮማተር ላስቲክ መታሸግ አለበት። ከዲፈረንሻሉ ጋር ከፍ ዝቅ የሚል ሽቦ ደግሞ ሽፋኑ ደህና ሆኖ ውስጡ ሊበጠስ ይችላል፤ ይህ በዓይን አይታይም። ሽቦውን በእጅ እያወዛወዙ መልቲሜትሩን ማየት ብቻ ነው የሚያጋልጠው።

አሁን ወደ ቫክዩሙ። በፓጄሮና ቫክዩም በሚጠቀሙ ሌሎች መኪኖች ኤሌክትሪኩ በሩን ይከፍታል እንጂ ሹካውን አይገፋም። የሚገፋው አየር ነው፤ በላስቲክ ሽፋኑ አንድ ወገን አየሩ ተስቦ ሲወጣ በሌላው ወገን ያለው የከባቢ አየር ይገፋዋል። ይህ ማለት የመግፊያው ኃይል የሚመጣው መኪናው ከቆመበት ቦታ አየር ነው። እዚህ ላይ የአገራችን መልክዓ ምድር በቀጥታ ይገባል።

በባሕር ወለል ላይ የአየር ግፊት 760 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ስለሆነች እዚህ 570 አካባቢ ነው፤ አንድ አራተኛው ጎደለ። ባሌ የሳነቴ አምባ ላይ፣ መንገዱ 4,000 ሜትር ሲያልፍ፣ ከ460 እምብዛም አይበልጥም። ከባሕር ወለል 120 ሜትር ግድም ዝቅ ያለው ደናክል ደግሞ ከ760 ይበልጣል። ስለዚህ አንድ መኪና፣ በአንድ የላስቲክ ሽፋን፣ ደናክል ላይ ፎርዊሉ ጥርቅም ብሎ ገብቶ ሳነቴ ላይ ሊያመነታ ይችላል። ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው ቱቦ ቆላ ላይ ተርፎት የነበረውን ኃይል ደጋ ላይ ያጣዋል። ኤሌክትሪኩ በሁለቱም ቦታ አንድ ነው፤ መብራቱ ግን ደጋ ላይ ብቻ ይርገበገባል፣ ተጠያቂውም ኮምፒውተሩ ይሆናል።

ከዚህ የሚከተል ሌላ ስሕተት አለ። የፋብሪካ መጽሐፎች የሚጽፉት የቫክዩም ቁጥር በባሕር ወለል ላይ የተለካ ነው። መጽሐፉ 650 ሚሊሜትር ቢል አዲስ አበባ ውስጥ የትኛውም ፓምፕ፣ ከፋብሪካ አዲስ የወጣ ቢሆን፣ ያን አያሳይም፤ ከባቢው ራሱ የለውምና። ደህናውን ፓምፕ አውጥቶ የጣለ ሰው ይኖራል። እዚህ ከተማ የሚሠራ ሰው የመጽሐፉን ቁጥር በሦስት አራተኛ አባዝቶ ቢያነበው ለእውነቱ ይቀርባል።

ቫክዩሙን ለመፈተሽ የእጅ ፓምፕ ቱቦው ላይ ሰክቶ ስቦ መጠበቅ ነው። መርፌው ከቆመ ላስቲኩ ደህና ነው፤ ከወረደ ተቀዷል ወይም ቱቦው ተሰንጥቋል። በቤንዚን መኪኖች ላይ ቫክዩሙ የሚመጣው ከሞተሩ አየር ማስገቢያ ስለሆነ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ቫክዩሙ ይጠፋል፤ የተጠራቀመውን በታንክ የሚይዘው አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ነው። ፎርዊሉ ዳገት መሀል ላይ ብቻ የሚለቅ ከሆነ ያቺን ቫልቭ ነቅሎ መፈተሽ ይገባል።

ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ ላይ የማየው ችግር ከዚህ የተለየ ነው። ፎርዊሉ በማርሽ ስለሚገባ ብዙ አያስቸግርም። የኤሌክትሪክ ዲፈረንሻል መቆለፊያ ያላቸው ግን በየዲፈረንሻሉ ላይ ትንሽ ሞተር አለባቸው። ይህ መቆለፊያ የሚፈለገው በዓመት ጥቂት ቀን ነው፣ ዋልካ አፈር ላይ መኪናው ሲሰምጥ። በቀሩት ወራት ሞተሩ አይነካም። ግሪሱ ይደርቃል፣ በማሸጊያው በኩል የገባ ውሃ ዝገት ይሠራል፣ በቤቱ ላይ በማጣበቂያ የተያዙት ማግኔቶች ይላቀቃሉ። የቁርጡ ቀን ቁልፉ ሲዞር መብራቱ ይርገበገባል እንጂ ምንም አይመጣም። ፎርዊሉን በወር አንዴ፣ ጠጠር ወይም አፈር መንገድ ላይ፣ አስገብቶ ጥቂት መንዳት ከዚህ ብዙውን ያስቀራል፤ መቆለፊያውንም ቀጥ ባለ መስመር ላይ ማስገባትና ማስወጣት። ሞተሩን ለመፈተሽ በቀጥታ ከባትሪ መስጠት ይቻላል፣ ነገር ግን ፊውዝ ባለው ሽቦ፣ ነካ አድርጎ በማንሳት ብቻ። ጫፍ ላይ ደርሶ ኤሌክትሪክ ካልተቋረጠለት ጥርሱን ነክሶ ይቀራል።

እነዚህ ሃርድቶፖች አብዛኞቹ የመዝናኛ መኪኖች አይደሉም። አምቡላንስ ናቸው፣ የክትባት ማመላለሻ ናቸው። በሐምሌ ጭቃ ምጥ የያዛት እናት የጫነ መኪና ጎማው ሲሾር ከዚያች ትንሽ ሞተር በላይ የሚያስፈልገው ነገር የለም። የጥገና ፕሮግራም የሚያወጡ ሰዎች ዘይትና ፍሬን ሸራ ይጽፋሉ፤ የፎርዊሉን ወርሃዊ ሙከራም በዚያው ወረቀት ላይ ማስገባት አንድ መስመር ነው፣ ገንዘብም አይጠይቅም።

በእነዚሁ የመስክ መኪኖች ላይ ሌላም የጥፋት ምንጭ አለ፦ በኋላ የተጨመረ ሽቦ። የኮዳን ሬዲዮ፣ ጂፒኤስ፣ አላርም፣ የስልክ ቻርጀር። የገጠመው ሰው ዳሽቦርዱ ሥር እጁ የደረሰበትን ፖዘቲቭ ልጦ ወስዷል። ያ ሽቦ የፎርዊሉ ስዊች ሽቦ ሊሆን ይችላል። ሬዲዮው ሲነሳ ደግሞ የተላጠው ቦታ ክፍት ሆኖ ይቀራል። አዲስ ነገር ከተገጠመ ወይም ከተነሳ በኋላ የመጣ ብልሽት ከሆነ ፍለጋው ከዚያ ይጀምር።

ኮምፒውተር ባላቸው አዳዲሶቹ ላይ ስካነር ይረዳል፤ ግን ስካነሩ የሚያወጣው ኮድ የሚናገረው ስለ ሰርኪቱ ነው። «የትራንስፈር ሞተር» የሚል ኮድ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ሞተሩን አይቶት አይደለም፤ ከሞተሩ ጋር በሚያገናኘው መንገድ ላይ የጠበቀውን አላገኘም ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ያው የድሮው ነው፦ ሶኬት መንቀል፣ ማየት፣ ተሰክቶ ሳለ መለካት።

ኤሌክትሪክ የሚመስል ግን ያልሆነም አለ። ሾፌሩ አስፋልት ላይ ፎርዊሉን ቆልፎ ነድቶ ሲያወጣው መብራቱ አልጠፋም ይላል። ሴንተሩ ሲቆለፍ የፊትና የኋላ ዘንጎች እኩል መዞር አለባቸው፤ መታጠፊያ ላይ ግን የፊት ጎማዎች ረዘም ያለ መንገድ ይሄዳሉ። አፈር ላይ ጎማው ተንሸራቶ ልዩነቱን ይለቀዋል። አስፋልት አያንሸራትትም፤ ውጥረቱ ጥርሶቹ መካከል ይከማችና ቀለበቱን ቀርቅሮ ይይዘዋል። ሽቦ ከመንካት በፊት ጥቂት ሜትር በቀጥታ ወደ ኋላ መንዳት ነው፤ ብዙ ጊዜ ያን ጊዜ ይለቃል። የፊትና የኋላ ጎማ በመጠን ወይም በጥርሱ ማለቅ ሲለያይም ያው ውጥረት ይመጣል። የተለያየ ጎማ አስገጥሞ ስዊች የሚያስቀይር ሰው ችግሩን አልነካውም።

ብልጭታው ቱርሚ ወይም ሳነቴ ላይ ቢመጣስ? ቫክዩም ያለው መኪና ከሆነ ከመንገዱ ዳር የሚሠራ ነገር አለ። ሶሌኖይዶቹ ኤሌክትሪክ ሳይኖራቸው ቫክዩሙን ፍሪዊሉን ወደሚያስወጣው ወገን ነው የሚልኩት። ወደ ዲፈረንሻሉ የሚሄዱትን ሁለት ቱቦዎች እርስ በርስ ቢያቀያይሯቸው ያው ቫክዩም ፍሪዊሉን ያስገባዋል፤ ኤሌክትሪኩ ሙሉ በሙሉ ቢሞትም። የሚቀያየሩት ማርሹ ሁለት ጎማ ላይ እንደሆነ ነው፤ ሞተሩ ተነስቶ ጥቂት ሜትር ሲነዳ ይገባል። ከዚያ ማርሹን ወደ ፎርዊል መግፋት ይቻላል፤ መብራቱ የሚለውን ለጊዜው መተው ነው። ሶሌኖይዶቹ ግን በሕይወት ካሉ ማርሹ ሲገፋ ተቃራኒውን ስለሚሠሩ ሶኬታቸውን ነቅሎ መተው ያስፈልጋል። ማርሹን ወደ ሁለት ጎማ መልሶ አስፋልት ላይ እንደዚያው ቢነዱት አክስሎቹና የፊቱ ዘንግ በከንቱ ይዞራሉ፣ ነዳጅ ትንሽ ይጨምራል፤ ሌላ ጉዳት የለውም። ጋራዥ ሲደረስ ቱቦዎቹም ሶኬቶቹም ወደ ቦታቸው ይመለሱ፤ የሚቀጥለው መካኒክ ተቀያይረው ካገኛቸው ቀኑን ሙሉ ይፈልጋል።

በሞተር በሚሠሩት ላይ ግን እንዲህ ያለ የመንገድ መላ የለም። ቁልፏን አዙሮ ካልገባ ባትሪና ፊውዝ ማየት፣ የሚደረስበትን ሶኬት ነቅሎ አድርቆ መልሶ መሰካት ነው የሚቻለው። ስለዚህ የነዚህ ፍተሻ ከከተማ ሳይወጡ ነው፤ ከመንገዱ ዋዜማ አስፋልት ያልደረሰበት ሰፈር ወስዶ ማስገባት፣ ጥቂት መንዳት፣ ማስወጣት፣ መብራቱ በሁለቱም ጊዜ ሳይዘገይ መርጋቱንና መጥፋቱን ማየት። ከዘገየ ጉዞውን በአንድ ቀን አስተላልፎ ኤሌክትሪሺያን ጋ ማሳየት ነው።